አልዩ አምባ፦ ባሕር የሌለው የሸዋ ወደብ

አልዩ አምባ ከአንኮበር በታች፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት ጥግ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። የሸዋ መናገሻ አንኮበር ላይ በነበረበት ዘመን ከታጁራና ከዘይላ የሚነሣው ሲራራ ወደ ሸዋ የሚገባው በእሷ በኩል ነበር። ግመል የሚሄደው ፋሬ እስከምትባለው የቆላ መንደር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ለግመል ስለማይመች ጭነቱ በአጋሰስና በሰው ጫንቃ ይወጣ ነበር። በሩን የሚጠብቁት ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ዘር የሚወለዱት ወላስማ የሚባሉ ገዢዎች ነበሩ፤ ንጉሡ ካልፈቀደ እንግዳም ሆነ ዕቃ አያልፍም ነበር።

ዓርብ ገበያው ሲቆም አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና የደጋው አማራ እዚያ ይገናኙ ነበር። ከባሕር ማዶ ጨርቅ፣ ጨሌ፣ መዳብና የጦር መሣሪያ ይመጣ ነበር፤ ከሸዋና ከደቡቡ አገር የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይወርድ ነበር። መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ነበር። ከአልዩ አምባ ብዙም በማይርቀው በአብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። ከዚያ የተነዱት ባሮች በረሃውን አቋርጠው ወደ ባሕሩ ዳር ይወሰዱ ነበር። የገበያውን ብልጽግና የሚያወሳ ሁሉ ይህን ግፍ አብሮ መናገር አለበት።

ይህ የሲራራ መንገድ ሸዋን ከሕንድ ጋር አገናኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ ከታጁራ በአሳል ሐይቅ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ። ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ጠመንጃ አበረከተ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም የንግድ ውል ተፈረመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ከእሱ ቀደም ብሎ በ1839 መጥቶ ነበርና በ1843 የአገሩን ውል አስፈረመ። በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ሁለት ኃያላን እስከ መሻማት መድረሳቸው ሣህለ ሥላሴ የያዙት በር ምን ያህል የሚፈለግ እንደነበር ያሳያል።

ውድቀቱ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይጀምራል። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረር ሲያዝ ንግዱ ወደዚያ አዘነበለ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ጠመንጃ ጭኖ በታጁራ መንገድ አንኮበር የደረሰው በዚያው ዓመት ነው፤ ምኒልክን ግን ያገኛቸው እንጦጦ ላይ ነው። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ የሲራራውን ዘመን ዘጋው።

ዛሬ ሁለት ቀን ያላቸው ተጓዦች ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው አንኮበር ይደርሳሉ። ብዙ ጐብኚ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ አይቶ ይመለሳል። ያን ቤተ መንግሥት ያበለጸገው ንግድ ግን ከታች ስለነበረ፣ አንኮበር የደረሰ ሰው አልዩ አምባም ይውረድ።