የጎማ መጠንና የማርሽ ምጣኔ

ቁመቱ የጨመረ ጎማ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ስለሚሸፍን፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ሳይነኩ የመኪናውን ማርሽ ያረዝማል፤ አጭር ጎማ ተቃራኒውን ያደርጋል። ለምሳሌ 195/65 አር 15 ጎማ ቁመቱ 635 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 205/70 አር 15 ደግሞ 668 ይደርሳል። ልዩነቱ 5 በመቶ ያህል ነው፤ በፊት በትክክል ያነብ የነበረ የፍጥነት መለኪያ 100 ሲያሳይ መኪናው በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ከቆቦ በዋጃ ወደ አላማጣ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ትልቅ ጎማ የሞተሩን ዙር ይቀንሳል። ከአላማጣ በኋላ በሚመጣው የግራካሱ ዳገት ግን ጉልበት ስለሚያንስ ቶሎ ማርሽ መቀነስ ግድ ይሆናል። የመጨረሻው ፍጥነት የሚጨምረው ሞተሩ የአየርን ግፊት የሚያሸንፍ ትርፍ ጉልበት ካለው ብቻ ነው፤ ከሌለው ሊቀንስም ይችላል።