ፀረ ባለቤት አካል

ሐኪሞች «አውቶአንቲቦዲ» የሚሉትን በአማርኛ «ፀረ ባለቤት አካል» ብንለው ይስማማል፤ አንቲቦዲ «ፀረ እንግዳ አካል» መባሉ የተለመደ ነውና፣ ከውጭ የገባውን ተሐዋሲ ይወጋ ዘንድ የተሠራው ይህ የደም ፕሮቲን ፊቱን አዙሮ የገዛ ባለቤቱን ሥጋ ሲወጋ ስሙም በዚያው ልክ ሊለወጥ ይገባዋል።

ነገሩ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። በቢስቲማም ሆነ በሌላው የወሎ አገር፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ትኩሳት ይዞት ምራቅ መዋጥ ሲሳነው፣ «ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል» ተብሎ ይታለፋል፣ ወይም «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ ቈራጭ ይወሰዳል። ሕመሙ ስትሬፕቶኮከስ ከተባለው ባክቴሪያ የመጣ እንደ ሆነ ግን፣ በባክቴሪያው ገጽ ላይ ያለው ፕሮቲን ከልብ ሥጋ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል፣ ጉሮሮው ከዳነ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ያው መከላከያ መገጣጠሚያውንና የልቡን ቫልቭ ይወጋል። ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን የሚዘዋወረው ቁርጥማት ያልፋል፤ በቫልቩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ከዓመታት በኋላ በትንፋሽ ማጠር ይገለጣል።

የዚህ ጠባይ ኃይል በሌላም ደዌ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 በኮቪድ ለሞት ከተቃረቡት ሕሙማን ከመቶ 10 ያህሉ፣ ኢንተርፌሮን የተባለውን የሰውነት ፀረ ቫይረስ መልእክተኛ የሚያከሽፍ ፀረ ባለቤት አካል ተገኘባቸው፤ ለብዙኃኑ ጋሻ የሆነው የቢጫ ወባ ክትባትም እጅግ ጥቂት ሰዎችን ክፉኛ ያሳመመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሆኖ ተገኝቷል። የመከላከያውን ልጓም ፈትተው በካንሰር ላይ የሚለቁት መድኃኒቶችም፣ ፈልሳፊዎቻቸው በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙባቸው ሲሆኑ፣ አልፎ አልፎ ቈዳንና አንጀትን፣ የታይሮይድን ዕጢም ያስጠቃሉ።

ለእኛ ልጆች ግን መድኃኒቱ ቅርብ ነው። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ጥቃቱን አስቀድሞ ይከለክላል፤ አንድ ጊዜ የተጠቃ ልጅም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ሳያቋርጥ ቢወጋ ልቡ ዳግመኛ እንዳይጐዳ ይጠበቃል። ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ መንገዱ እስከ አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ እስካለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ድረስ ይረዝማል፤ ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ከእንጥል ቈራጭ ዘንድ ሳይሆን ከጤና ጣቢያ አድርሱት።