ከሸማው በስተኋላ፤ የጉለሌው ሸማኔና የድመቶቹ ደሴት

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን አቀበት የተያያዘ መንገደኛ፣ ጉለሌ ውስጥ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ግራና ቀኙ በነጫጭ ሸማ ደምቆ ይቀበለዋል። ገዢው የጥበቡን ቀለም ይመርጣል፤ የኩታውን ልስላሴ በጣቱ ይዳስሳል፤ ዋጋ ይከራከራል። ከሱቁ በስተኋላ በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ የሚልከውን፣ አባት አያቱ ከጋሞ ደጋ ይዘውት የመጡትን ሙያ ያልጣለውን ሸማኔ ግን ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ጌጡን አይቶ ሠሪውን አለማየት የገበያተኛ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የታሪክ አጻጻፍም የቆየ ሕመም ነው።

ይህ ሕመም ኢትዮጵያ ስለ ጃፓን በነበራት አመለካከት ውስጥም ይታያል። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመልእክተኞች ጓድ መርተው ወደ ጃፓን ተጓዙ። ጉዞው እንዲያው የመጣ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። የዘመኑ ምሁራን በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ ባለ ፋብሪካና ባለ መርከብ የሆነችውን ያችን የእስያ አገር ለኢትዮጵያ እንደ መስታወት ይመለከቷት ነበር። ብላቴን ጌታም ከጉዟቸው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተሙ።

የክብር እንግዳ ግን የሚሄደው በተጠረገለት መንገድ ነው። ያ ሁሉ መኪናና መርከብ የተገዛበት ገንዘብ ከየት መጣ? ትልቁ ምንጭ ሐር ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ እስከ እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ድረስ፣ ጃፓን ወደ ውጭ ከምትልካቸው ሸቀጦች መካከል ጥሬ ሐር ዋነኛውን ስፍራ ይዞ ኖሯል። ትሉን ሌሊትና ቀን የቅጠል ቀለብ እየሰጠች የምታሳድገው የገበሬው ሚስት፣ ክሩን ከፈላ ውሃ ላይ እየመዘዘች የምታጠነጥነውም የገበሬው ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1929 የተነሣው የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ የሐርን ዋጋ ሲያሽቆለቁለው ሸክሙ የወደቀው በነዚሁ ትከሻ ላይ ነው። ብላቴን ጌታ ጃፓንን በጎበኙበት በእ.ኤ.አ. 1931 ዓመት፣ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ብርድ ሰብሉን አጥፍቶት፣ ችግር የጠናባቸው ገበሬዎች ሴት ልጆቻቸውን እስከ መሸጥ ደርሰው ነበር።

በዚያው በሰሜን ምሥራቅ፣ ከኢሺኖማኪ ወደብ በጀልባ የሚደረስባት ታሺሮጂማ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዙሪያዋ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቃት «የድመቶች ደሴት» በሚል ስም ነው፤ ድመቶቿ ከነዋሪዎቿ ይበልጣሉና። የዚህም መነሻው ጨዋታ ሳይሆን ሥራ ነበር። በቀድሞው ዘመን ደሴተኞቹ የሐር ትል ያረቡ ነበር። አይጥ የሐር ትሉ ጠላት ነው፤ የአይጥ ጠላት ደግሞ ድመት። ስለዚህ ድመት ለቤተሰቡ ጌጥ ሳትሆን የሥራ ባልደረባ ነበረች። ጎተራውን ከአይጥ ለመጠበቅ ድመት ለሚያሳድገው የኢትዮጵያ ገበሬ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

የሐሩ ሥራ ቢቀርም ድመቶቹ አልጠፉም፤ ከዓሣ አጥማጁ ጋር ኑሮ መሠረቱ። አጥማጁ ከመረቡ የተረፈውን ይሰጣቸዋል፤ በሁኔታቸውም የአየሩን ጠባይና የዓሣውን ብዛት ይገምታል። እንደ ደሴቲቱ አፈ ታሪክ፣ አንድ ቀን አጥማጆች ለመረባቸው ማስጠሚያ ድንጋይ ሲፈልጡ፣ የተፈናጠረ ድንጋይ አንዲት ድመት ገደለ። አዝነው ቀበሯት፤ በመቃብሯም ላይ ትንሽ የአምልኮ ስፍራ ሠሩላት። ስፍራው እስከ ዛሬ በሁለቱ መንደሮች መካከል ይታያል።

ዛሬ ጎብኚው ብዙ ጊዜ በጧት ጀልባ መጥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። በቀጭኗ መንገድ ይሄዳል፤ በግንብ ሥር ፀሐይ የሚሞቁትን ድመቶች ያያል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል። ልብ ብሎ ከተመለከተ ግን ሌላም ነገር ያያል፤ የተዘጉ በሮች፣ ልጆች የማይጮኹበት ሜዳ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 1,000 ያህል ሰው ይኖርባት የነበረችው ደሴት ዛሬ ከመቶ በታች ነዋሪዎች ቀርተውባታል፤ አብዛኞቹም አረጋውያን ናቸው። ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ፈልሷል። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. የተነሣው ታላቅ የባሕር ማዕበል ወደቧንና የባሕር ዛጎል እርባታዋን ሲያወድመው፣ ደሴተኞቹ በድመቶቻቸው ዝና ከመላው ጃፓን ርዳታ አሰባስበው ሥራቸውን እንደገና ለማቋቋም ተነሡ። አንድ ጊዜ የሐር ትሉን የጠበቁት ድመቶች፣ በዚህኛው ጊዜ ደግሞ የአጥማጁን እንጀራ ጠበቁ ማለት ነው።

የጃፓንና የጉለሌ ነገር በክር የተሳሰረ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ ትልቁን ድርሻ የያዘው በርካሽ ዋጋ የሚሸጠው የጃፓን አቡጀዴ ነበር። በዚያ በኩል ፋብሪካ ውስጥ የምትደክመው ወጣት ያመረተችው ጨርቅ፣ በዚህ በኩል በእጁ የሚሠራውን ሸማኔ ገበያ ተሻማው። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ቋንቋቸውም አይገናኝም፤ ነገር ግን የአንዱ ላብ የሌላውን ዕጣ ይነካ ነበር። ይህን ቁርኝት የመንግሥታት የወዳጅነት ውል አይነግረንም። ወዳጅነቱማ ብዙ አልዘለቀም፤ ጃፓን በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ ተቀበለች።

እንግዲህ የጃፓንን እድገት ለመረዳት የፈለገ ሰው የቶኪዮን አደባባይ ብቻ ሳይሆን የታሺሮጂማን የተዘጉ ቤቶችም መጠየቅ ይኖርበታል። የአዲስ አበባንም ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ፣ ለአስተማሪነትም ሆነ ለኪነ ጥበብ ሥራ ብዕሩንና ብሩሹን ያዘጋጀ ሁሉ፣ ከሽሮ ሜዳ ሱቆች በስተኋላ ወዳለው ጉድጓድ ጎንበስ ብሎ ይመልከት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንጠቅሰዋለን፤ ድሩን ያደራውን ሰው ስም የጠየቅን ግን ስንቶች ነን?