ቸርኬውን ማን ይጥረግ? ክረምት የሚፈትነው የብስክሌት ታሪክ

በሐምሌ ከዱርቤቴ ገበያ ወደ ገጠር ቀበሌው የሚመለስ ብስክሌተኛ ሁለት ነገር ይፈራል። አንዱ ከኋላው የሚመጣው መኪና ነው። ሌላው የራሱ ፍሬን ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ግማሽ ኩንታል ጭኖ ቁልቁለቱን ሲጀምር ፍሬኑን ይጨብጣል፣ ብስክሌቱ ግን እንዳልሰማ ሰው ይቀጥላል። አስር ሜትር፣ ሃያ ሜትር፣ ሰላሳ ሜትር። ይይዛል፣ ግን ከፈለገበት ቦታ በጣም አልፎ።

ለምን? መልሱ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስዳል።

የጥንቶቹ ብስክሌቶች ፍሬን ማንኪያ የሚመስል ብረት ነበር። ጠንካራውን ጎማ ከላይ ተጭኖ ያቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚሞላ ጎማ ይዞ ሲመጣ ግን ማንኪያው አላዋጣም፤ ለስላሳውን ጎማ ይበላው ጀመር። ስለዚህ ፍሬኑ ከጎማው ወርዶ ቸርኬው ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ቸርኬ ሁለት ሥራ ተሸክሟል፤ ጎማውን ይይዛል፣ ብስክሌቱንም ያቆማል። መሬት አጠገብ የሚሽከረከረው፣ ጭቃና ውሃ መጀመሪያ የሚያገኘውም እሱ ነው። በአውሮፓ አስፋልት ይህ ትንሽ ችግር ነበር። በጎጃም ቀይ አፈር ትልቅ ነው።

«ቸርኬ» ራሱ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቪቴ፣ ፖርቶመጋላም እንዲሁ። አማርኛ የብስክሌትንና የመኪናን አካል በስም የጠራው በአብዛኛው ጣሊያኖች ባመጡት የጋራዥ ቋንቋ ነው፤ አገር ሊወር የመጣ ሰው መፍቻውንም ቃሉንም ትቶ ሄደ። ገጠሩን ያዳረሰው ብረት ግን የሌላ ዘር ነው። መነሻው የእንግሊዞቹ ከባድ ባለ 28 ኢንች ብስክሌት ሲሆን፣ በኋላ የቻይናዎቹ ፎኒክስና ፍላይንግ ፒጅን፣ የሕንዱም ሄሮ ያንኑ ቅርጽ ይዘው በእስያና በአፍሪካ ገጠር ተሰራጩ። የብረት ቸርኬ፣ ሰፊ መቀመጫ፣ በገመድ ፈንታ በብረት ዘንግ የሚሳብ ፍሬን። አይሰበርም፣ ጭነት ይችላል፣ በየትም ቦታ ይጠገናል። ለገበሬ ከዚህ የተሻለ አልተሠራም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ሲረጥብ አይቆምም።

ይህ በሙከራ ተረጋግጧል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ኤም አይ ቲ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ክሮም የተቀባ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ከተራ የፍሬን ጎማ ጋር የሚፈጥረው ሰበቃ ከደረቁ አንድ አስረኛ በታች ይወርዳል። ፍሬኑ ተጨብጦ ሳለ እንኳ ቸርኬው ወደ 30 ዙር ካልዞረ መልሶ መያዝ አይጀምርም። ባለ 28 ኢንች ቸርኬ በአንድ ዙር ከሁለት ሜትር በላይ ይሄዳል። እንግዲህ አንባቢ ያባዛ፤ ከ60 ሜትር በላይ ማለት ነው። ለዚያውም በንጹሕ ውሃ። ጭቃ አልተጨመረበትም።

የኢትዮጵያ የብስክሌት ታሪክ ሲነሳ የሚጠቀሰው ውድድሩ ነው። ይገባዋልም። አገሪቱ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደምቦባ አንዱ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በሁለቱ መካከል ብስክሌት ብዙ ተለውጧል፤ ቸርኬው ከብረት ወደ አሉሚኒየም፣ ከዚያም ወደ ካርቦን ሄዷል። የማቆሚያው መንገድ ግን ያው ነበር፤ ሁለት ጎማ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ይቆነጥጡታል። ልዩነቱ ተወዳዳሪው ብስክሌቱን በየቀኑ የሚያጥብለት መካኒክ አለው። የዱርቤቴው ነጋዴ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። ቸርኬ ማጽዳት ገንዘብ አይጠይቅም፤ እውቀት ይጠይቃል። ውሃና ሳሙና፣ ከዚያ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ትልቁ ስህተት ናፍጣ ነው። ሰንሰለት በናፍጣ ማጠብ ያባት ነው፣ ግን ያው ጨርቅ ቸርኬውን ከነካ ስስ የቅባት ሽፋን ይተዋል፤ ቸርኬው ያብረቀርቃል፣ ፍሬኑ ግን ይንሸራተታል። የሚያብረቀርቅ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ባለ ዘንጉ ፍሬን ደግሞ የሚጫነው የቸርኬውን ጎን ሳይሆን የውስጡን ገጽ ስለሆነ፣ ጭቃው ራጂዎቹ መሐል ተደብቆ ይደርቃል። ከውጭ ብቻ የጠረገ ሰው ምንም አልጠረገም።

የፍሬን ጎማውም (ሸራ የሚሉትም አሉ) መፈታት አለበት። ፊቱ እንደ መስታወት ካበጠ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ ይደረጋል። አሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የሚሠራ ከሆነ ውስጡ ጠጠርና የብረት ስንጥር ይሰካበታል፤ በመርፌ ካልተነቀለ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቸርኬው በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ዕድሜው አልቋል፤ አንድ ቀን የጎማው አየር ጎኑን ገፍቶ ይቀደዋል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ የፍሬን ጎማ መተካትም ብልሃት ይመስላል፤ በበጋ ይሠራል፣ በክረምት ግን ደረቅነቱ ይጋለጣል።

በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር እስከ እ.ኤ.አ. 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ ሲያደርግ ብዙ የተወራው ስለ ብስክሌት መንገድ ነበር። ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ቀለም የተቀባ መስመር ግን ለአቸፈር ገበሬ ምኑም አይደለም። እሱ የሚያስፈልገው ክረምት ከመግባቱ በፊት በወረዳው ከተማ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝ ደህና የፍሬን ጎማ ነው፤ ከጎሚስታው ጋርም ናፍጣውን ከቸርኬው እንዲያርቅ የሚነጋገር ሰው።

እስከዚያው ግን የቆየው ዘዴ አለ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ ቀደም ብሎ፣ ገና ሜዳው ላይ፣ ፍሬኑን ቀለል አድርጎ ጨበጥ እያደረጉ ጥቂት መሄድ፤ ጎማው ውሃውንና ጭቃውን ከቸርኬው ይጠርጋል። ድምፁ ከሙልጭታ ወደ ፍግፍግታ ሲቀየር ይዟል ማለት ነው። ካልተቀየረ ወርዶ መግፋት ነው።