የእንጦጦ ማገዶና የጉለሌ ሴቶች

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከጉለሌ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመቶች በላዩ በከተሙ ጊዜ የጥድና የወይራ አገር ነበረ። ሠራዊቱና ሕዝቡ ለቤትና ለማገዶ እየቈረጡት ተራራው ፈጥኖ ተራቈተ። ከተማዪቱ ወደ ፍልውሃ ከወረደች በኋላም የማገዶው ችግር ስለ በረታ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ይህን አሳብ ያስቀረው ዘሩ ከአውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፉ ግን ውሃ ያደርቃል ተብሎ በ1913 ከሦስት ሁለት እጁ እንዲነቀል ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ በሙሉ ሳይፈጸም ቀረ፤ ዛፉ ለተካዩ ገንዘብ፥ ለከተማውም እሳት ነበረና።

በአሜሪካ በአፓላችያ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ለድንጋይ ከሰል ሲባል ምድራቸው መገለባበጡን አጥብቀው ስለ ተቃወሙ በ1977 ይህን ቁፋሮ የሚገዛ ሕግ ወጥቷል። በዚያ ባላገሩና ኩባንያው ፊት ለፊት ቆመው ነበር። በእንጦጦ ግን ነዳጁ ከምድር በላይ የበቀለ ነው፤ የሚያወርዱትም የአገሩ ድኾች ሴቶች ነበሩ። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቍልቍል ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ቀጨኔ ይወርዱ ነበር፤ የደን ዘበኛ ያገኛቸው እንደ ሆነ ሸክማቸውን ይነጥቃቸዋል። ከተማው እንጀራውን ይጋግር የነበረው በዚሁ ቅጠል ሆኖ ሳለ፥ የተራራው አጥፊዎች እነርሱ ብቻ ናቸው ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

በ1990ዎቹ ዓመቶች ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ በዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ርዳታ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሸክሙን ትተው ፈትልና ሽመና ያዙ። ነገሩ ቀላል አይደለም። ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳን ባቀኑት ሸማኔዎች ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ ከመወርወሪያው አትቀመጥም፤ ሽመና የወንድ ሙያ ነው። የማኅበሩ ሴቶች ግን ከዚያው ሠፈር ጥግ ተቀምጠው ነጠላና ሻሽ ሠሩ። ዳሩ ግን ማኅበሩ ያቀፈው ከተሸካሚዎቹ ጥቂቶቹን ነው።

በኋላም የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ከ700 ሄክታር በሚበልጥ መሬት የጉለሌን የዕፀዋት ማዕከል መሠረቱ። አሳቡ ባሕር ዛፉን እያነሡ ጥዱን፥ ወይራውንና ኮሶውን ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። በዚህ መጠን ለሸክም የሚሆነው ቅጠል እያነሰ ይሄዳል፤ ወደ ማኅበሩ ያልገባችው ሴት ግን የዕለት ገቢዋ ያው ቅጠል ነበረ።