የካይሮፕራክቲክ ሕክምና በእርግዝና ወቅት፦ ለወገብ ሕመምና ለምጥ ምን ይጠቅማል?

ከነፍሰ ጡር እናቶች ግማሽ ያህሉ፣ በአንዳንድ ጥናቶች ከዚያም የሚበልጡት፣ በእርግዝናቸው ወቅት የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም ያጋጥማቸዋል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ የሚኖሩ እህቶች ይህን ሕመም ለሥራ ባልደረባ ወይም ለጎረቤት ሲያነሱ «ካይሮፕራክተር ጋ ሂጂ» የሚል ምክር ይሰማሉ። ከምክሩ ጋር ሌላም ተስፋ ይሰጣል፦ ሕክምናው ምጥን ያሳጥራል፣ የተገለበጠ ፅንስን ያስተካክላል፣ ከኦፕራሲዮን ያድናል ይባላል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ማስረጃ አለው? የትኛውስ ገና ያልተረጋገጠ ነው? ነፍሰ ጡር እናትና ቤተሰቧ ገንዘብና ጊዜ ከማውጣታቸው በፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐኪም ክትትልን ቸል ከማለታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

ካይሮፕራክቲክ ምንድን ነው?

ካይሮፕራክቲክ የአከርካሪ አጥንትንና ሌሎች መገጣጠሚያዎችን በእጅ በመጫን፣ በመግፋትና በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው በ1895 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ጀመረው። ፓልመር አብዛኛው በሽታ የሚመጣው አከርካሪ ከቦታው ሲዛነፍና ነርቭን ሲጫን ነው ብሎ ያምን ነበር። የዛሬው የሕክምና ሳይንስ ይህን አባባል አይደግፈውም። ይሁን እንጂ በእጅ የሚሰጠው ሕክምና ለወገብ ሕመም በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2005 ስለ ካይሮፕራክተሮች ሥልጠናና ስለ ሕክምናው ደኅንነት መመሪያ አውጥቷል።

በአሜሪካ ካይሮፕራክተር ለመሆን የበርካታ ዓመታት ትምህርትና የግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለሙያዎቹ «ዶክተር» ተብለው ቢጠሩም የሕክምና ሐኪሞች አይደሉም፤ ቀዶ ጥገና አያደርጉም፣ በአብዛኛው መድኃኒት አያዙም፣ የእርግዝና ክትትልም አይሰጡም። ስለዚህ ካይሮፕራክተር የማህፀን ሐኪምን ወይም የአዋላጅ ነርስን ቦታ ሊተካ አይችልም።

በእርግዝና ወገብ ለምን ይታመማል?

ሆድ እየገፋ ሲሄድ የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ያደላል። እናትየዋ ሚዛኗን ለመጠበቅ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፤ የታችኛው ወገብ ጡንቻዎች ከወትሮው በላይ ይሠራሉ። የሆድ ጡንቻዎች ደግሞ ስለሚለጠጡ ወገብን የመደገፍ አቅማቸው ይቀንሳል። በተጨማሪ ሬላክሲን የሚባለውን ጨምሮ በእርግዝና የሚበዙ ሆርሞኖች ጅማቶችን ያላላሉ። ይህ ዳሌ ለወሊድ እንዲዘጋጅ የሚረዳ ቢሆንም፣ ዳሌ ከአከርካሪ ጋር በሚገናኝበት የኋላ መገጣጠሚያና ከፊት በኩል ባለው መጋጠሚያ ላይ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

የዳሌ ሕመም ያለባት እናት ብዙ ጊዜ የምትቸገረው ደረጃ ስትወጣ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጥ፣ በአንድ እግር ቆማ ልብስ ስትለብስ፣ እንዲሁም ከሱጁድ ስትነሳ ነው። ለመነሳት አንድ ጉልበትን አስቀድሞ መሬት በእጅ መደገፍ ወይም አጠገብ ወንበር ማኖር ይረዳል። መቆም የከበዳት እናት ተቀምጣ መስገድ እንደምትችል የታወቀ ነው፤ ስለ ዝርዝሩ የምታምናቸውን ዓሊም ትጠይቅ። ሕመምን ችሎ መቆም ግዴታ መስሏቸው የሚሠቃዩ እናቶች ስላሉ ነው ይህን ማንሳታችን።

ነፍሰ ጡር እንዴት ትታከማለች?

ጥሩ ባለሙያ አስቀድሞ ስለ እርግዝናው ሳምንት፣ ስለ ቀደሙ ወሊዶች፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ደም መፍሰስ ይጠይቃል። ከዚያም ሆድ የማይጫንበትን አቀማመጥ ይመርጣል፦ በጎን መተኛት፣ ወይም ለሆድ ክፍተት ያለው ልዩ ትራስና አልጋ መጠቀም። የሚጠቀመው ኃይል ለሌላ ሰው ከሚጠቀመው የቀለለ መሆን አለበት። ብዙዎች ጡንቻ ማሸትንና የአካል እንቅስቃሴ ምክርን አብረው ይሰጣሉ። ለእርግዝና ተብሎ ወገብን ራጅ ማንሳት አያስፈልግም፤ ባለሙያው ራጅ ካላነሳሁ ካለ ወደ ማህፀን ሐኪም መመለስ ይሻላል።

ለወገብ ሕመሙ ይረዳል?

ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው በዚህ በኩል ነው። ሆኖም ማስረጃው ጠንካራ የሚባል አይደለም። በካይሮፕራክቲክ ከታከሙ ነፍሰ ጡሮች ብዙዎቹ ሕመማቸው እንደቀነሰ ይናገራሉ። ነገር ግን ጥናቶቹ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹም ያልታከሙ እናቶችን ለማነፃፀሪያ አልያዙም።

የቅርብ ዘመድ በሆነው በኦስቲዮፓቲ የእጅ ሕክምና ላይ በአሜሪካ ቴክሳስ 400 ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈ ጥናት በ2015 ታትሟል። እናቶቹ በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፦ አንደኛው ቡድን የእጅ ሕክምና አገኘ፤ ሁለተኛው ሕክምና የሚመስል ግን ያልሆነ የአልትራሳውንድ እሸት ተደረገለት፤ ሦስተኛው የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኘ። የእጅ ሕክምና ያገኙት ከተለመደው ክትትል ቡድን ይልቅ ሕመማቸው ቀለል አለ። ከአስመሳዩ ሕክምና ጋር ሲነፃፀሩ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ከዚህ የምንረዳው በእጅ መዳሰሱ፣ ዕረፍቱና የሚያዳምጥ ባለሙያ ማግኘቱ ራሱ የእፎይታው አንድ ክፍል ሊሆን እንደሚችል ነው።

በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ5,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፉ 34 ጥናቶችን መርምሮ፣ የአካል እንቅስቃሴ የወገብ ሕመምን ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 የእርግዝና ክትትል መመሪያው በእርግዝና ዘመን ሁሉ የአካል እንቅስቃሴ እንዲደረግ ይመክራል። ፊዚዮቴራፒን፣ የዳሌ መደገፊያ ቀበቶንና አኩፓንክቸርንም እናቲቱ ልትመርጣቸው ከምትችላቸው መንገዶች ይቆጥራል።

ምጥን ያሳጥራል?

በካይሮፕራክተሮች ማስታወቂያ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ቁጥር አለ። በእርግዝናቸው የታከሙ እናቶች ምጥ ለመጀመሪያ ልጅ በ24 በመቶ፣ ቀድሞ ለወለዱ ደግሞ በ39 በመቶ ያጥራል ይላል። ቁጥሩ የመጣው ግን እናቶችን በዕጣ መድቦ ከታከመና ካልታከመ ቡድን ከተነፃፀረ ጥናት አይደለም። የታከሙ እናቶችን የምጥ ርዝመት ከሌላ ቦታ ከተወሰደ አማካይ ጋር ማስተያየት ብዙ ያሳስታል። በራሷ ገንዘብ ካይሮፕራክተር የምትጎበኝ እናት ብዙ ጊዜ ጤናዋን የምትከታተል፣ የምትንቀሳቀስና የተሻለ ኑሮ ያላት ናት፤ የምጧ ማጠር ከእነዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በ2016 ከኒውዚላንድ የወጣ አነስተኛ ጥናት ደግሞ የአከርካሪ ሕክምና በተደረገላቸው 11 ነፍሰ ጡሮች ላይ የዳሌ ወለል ጡንቻ በዕረፍት ጊዜ ላላ ማለቱን በአልትራሳውንድ አሳይቷል። ጡንቻው መላላቱ ለወሊድ ይረዳ ይሆናል የሚል ግምት ተሰጥቷል። ጥናቱ ግን ምጥን አልለካም። እናቶቹ ስንት ሰዓት እንዳማጡ ወይም በምን መንገድ እንደወለዱ ከእርሱ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ «ካይሮፕራክቲክ ምጥን ያሳጥራል» የሚለው አልተረጋገጠም። የወገብ ሕመሟ የቀነሰላት እናት በተሻለ እንቅልፍና በተሻለ ጉልበት ወደ ምጥ ልትገባ ትችላለች፤ ያም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የምጥ ሰዓት ይቀንሳል ብሎ ቃል መግባት ግን ከማስረጃው በላይ መናገር ነው።

የምጥ ርዝመት እናቶች እንደሚሰጉት ሁልጊዜ የችግር ምልክት አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት የ2018 መመሪያ መሠረት፣ የማህፀን በር 5 ሴንቲሜትር ከተከፈተ በኋላ ሙሉ እስኪከፈት ድረስ ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት፣ ለቀጣዮቹ እስከ 10 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

በመቀመጫው የመጣ ፅንስና የዌብስተር ዘዴ

ላሪ ዌብስተር የተባሉ አሜሪካዊ ካይሮፕራክተር የፈጠሩት ዘዴ በስማቸው ይጠራል። ባለሙያው የዳሌውን የኋላ አጥንት ያስተካክላል፤ ከፊት በኩል በታችኛው ሆድ ያለውን የማህፀን ጅማት በቀስታ ይዳስሳል። ዳሌ ሲላላ ፅንሱ በራሱ ለመዞር ቦታ ያገኛል ነው ሐሳቡ።

በ2002 የታተመ አንድ ጽሑፍ የዘዴውን ስኬት 82 በመቶ አድርጎ አቅርቧል። መረጃው የተሰበሰበው ግን ለራሳቸው ለካይሮፕራክተሮቹ በተላከ መጠይቅ ነው። መልስ የሰጡትም ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም። የተሳካለት ባለሙያ መልስ ለመላክ እንደሚቸኩል፣ ያልተሳካለት ዝም እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። በ28ኛው ሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ፅንሶች አንዱ በመቀመጫው ይገኛል፤ በመውለጃው ሰዓት ግን ከ100 ውስጥ 3 ወይም 4 ብቻ እንደዚያው ይቆያሉ። ቀሪዎቹ ያለ ማንም እርዳታ ይዞራሉ። ስለዚህ በ30ኛው ሳምንት የተሰጠ ማንኛውም ሕክምና የሠራ ይመስላል። በእናቶቻችን ዘንድ የሚነገረው ረጅም ሱጁድ ፅንሱን ያዞራል የሚለው አባባልም እንዲሁ ነው። በጉልበትና በደረት ተደፍቶ መቆየት በጥናት ተሞክሯል፤ ፅንስን ለማዞሩ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ሱጁድ ዒባዳ ነው፤ ለፅንሱ አቀማመጥ ግን ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ማስረጃ ያለው ዘዴ ሐኪም በ36ኛው ወይም በ37ኛው ሳምንት ገደማ የእናቲቱን ሆድ ከውጭ በእጁ እየገፋ ፅንሱን የሚያዞርበት ነው። ይህ የሚደረገው በሆስፒታል፣ የፅንሱ የልብ ምት እየታየና አስቸኳይ ቀዶ ጥገና ማድረግ በሚቻልበት ቦታ ነው። በግማሽ ያህል እናቶች ላይ ይሳካል፤ በኦፕራሲዮን የመውለድንም ዕድል ይቀንሳል። ዌብስተርን እየሞከረች ይህ ሳምንት ያለፈባት እናት የተሻለውን ዕድል ልታጣ ትችላለች።

አደጋና ጥንቃቄ

በወገብና በዳሌ ላይ በቀስታ የሚሰጥ ሕክምና በነፍሰ ጡሮች ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱ ብዙም አልተመዘገበም። ቀላል ሕመምና ድካም ለአንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል። አንገትን በድንገት ማዞር ግን አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር እንዲቀደድና ስትሮክ እንዲከሰት ሊያደርግ ስለሚችል፣ ነፍሰ ጡር አንገቷን እንዳይነኩባት ብትጠይቅ ይመረጣል።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ግን ቀጠሮው የካይሮፕራክተር ሳይሆን የሆስፒታል ነው፦

– ከማህፀን ደም ወይም ውሃ መፍሰስ
– ከ37ኛው ሳምንት በፊት እየመጣ እየሄደ የሚመላለስ የወገብ ወይም የሆድ ቁርጠት፤ ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ሊሆን ይችላል
– ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት
– ከትኩሳት ጋር የመጣ የጎን ሕመም፤ የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል
– የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ
– የአንድ እግር ማበጥና መታመም፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል
– የእግር መስነፍ፣ በጭኖች መካከል መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል

የእንግዴ ልጅ የማህፀን በርን ሸፍኖ የተገኘባት እናትም ያለ ሐኪሟ ፈቃድ እንዲህ ያለ ሕክምና መጀመር የለባትም።

ወጌሻና ሆድ መታሸት ከዚህ ይለያሉ

በአገራችን ስለ አጥንትና መገጣጠሚያ ሲነሳ ወጌሻ ይታሰባል። በልምድ አዋላጆች ዘንድም ፅንስን ለማስተካከል ወይም ምጥን ለማፋጠን የነፍሰ ጡርን ሆድ በቅቤ ማሸት የቆየ ልማድ ነው። ካይሮፕራክቲክ ለነፍሰ ጡር ደህና ነው ሲባል ሰምቶ ይህንንም አብሮ መፍቀድ ስህተት ነው። ሆድን በኃይል ማሸትና መግፋት የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው እንዲላቀቅና ደም እንዲፈስ፣ በተለይ ቀድሞ በኦፕራሲዮን በወለደች እናት ላይ ማህፀን እንዲቀደድ ሊያደርግ ይችላል። ዓላማው ቅን ቢሆንም ሁለት ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል።

ለመሄድ የወሰነች እህት ምን ትጠይቅ?

አስቀድማ ለማህፀን ሐኪሟ ወይም ለአዋላጅ ነርሷ ትንገር። ከዚያ የባለሙያውን የሥራ ፈቃድና ከነፍሰ ጡሮች ጋር ያለውን ልምድ ትጠይቅ። ሴት ባለሙያ ማግኘት እንደምትፈልግ ቀጠሮ ስትይዝ ብትናገር ብዙ ቦታ ይቻላል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በልብስ ላይ ስለሚሰጥ ሒጃብ ማውለቅ አያስፈልግም። የዌብስተር ዘዴ የታችኛውን ሆድ መንካት ስለሚጠይቅ ግን አስቀድሞ እንዲገለጽላት ትጠይቅ፤ ካልተመቻት እምቢ ማለት መብቷ ነው። ክፍያውን ኢንሹራንሷ ይሸፍን እንደሆነም ታጣራ። ለረጅም ወራት ቀድሞ የሚከፈል ጥቅል የሚያስፈርም፣ ከክትባት ወይም ከሐኪም ክትትል የሚያርቅ፣ ያለ ኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ባለሙያ አይታመንም።

ምጥን በእርግጥ የሚያግዘው ምንድን ነው?

በጥናት የተሻለ ድጋፍ ያላቸው ነገሮች ወጪያቸው ትንሽ ነው። በምጥ መጀመሪያ ክፍል መቆም፣ መራመድና ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ተኝቶ ከመቆየት ጋር ሲነፃፀር ይህን ክፍል በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር የኮክሬን ግምገማ አሳይቷል። ከምጥ መጀመሪያ እስከ ወሊድ የማትለይ አጋዥ ማግኘትም ምጥን ያሳጥራል፤ በተፈጥሯዊ መንገድ የመውለድንም ዕድል ይጨምራል። አጋዧ እናት፣ እህት፣ ጓደኛ ወይም የሠለጠነች ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ባልም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ እናት የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን ይመክራል። በስደት አገር ያለ ዘመድ የምትወልድ እህት ስትኖር ከጎኗ ለመቆም ቀድሞ መነጋገርና ተራ መያዝ ማንኛውም ጀመዓ ሊያደርገው የሚችለው ነው።

ወገቧን የሚያማት ነፍሰ ጡር ካይሮፕራክተርን ለሕመሟ ማስታገሻ አንድ አማራጭ አድርጋ ብታየው ጥፋት የለበትም። የወሊድ ዋስትና አድርጋ ግን አትውሰደው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርግዝና ክትትል ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር መገናኘትን ይመክራል፤ ከእነዚህ አንዱም በሌላ ቀጠሮ መተካት የለበትም። አላህ ነፍሰ ጡር እህቶቻችንን በሰላም ይገላግልልን።