አራት ደቂቃ ያስጠበቀው ሸክላ

ስሙኝማ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1972 ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው ዲትሮይት፣ ሞታውን የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሊሄድ ተነሥቷል። ከኩባንያው ልጆች መካከል ዘ ቴምፕቴሽንስ የሚባሉ አምስት ድምፃውያን አሉ። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ እግራቸውን እኩል እያነሡ እኩል እየጣሉ፣ ስለ ፍቅር ሲያዜሙ አገሩን ያስለመዱ ናቸው።

ግን ያን ጊዜ ቤታቸው ጎድሎ ነበር። ባለ ቀጭን ድምፁ ኤዲ ኬንድሪክስ በ1971 ለብቻው ሊዘፍን ወጣ። ፖል ዊሊያምስን ሕመም ከመድረክ አወረደው። በእነሱ ቦታ ወጣቱ ዴመን ሃሪስና ሪቻርድ ስትሪት ገቡ። ከጥንቶቹ የቀሩት ኦቲስ ዊሊያምስና ባለ ወፍራም ድምፁ ሜልቪን ፍራንክሊን ብቻ ናቸው፤ አምስተኛው በ1968 የተቀላቀላቸው ዴኒስ ኤድዋርድስ ነው።

ሙዚቃቸውን የሚመራው ኖርማን ዊትፊልድ ደግሞ ያሰበውን ሳያደርግ የማይተኛ ሰው ነበር። ከ1968 ጀምሮ ከፍቅር ዘፈን አውጥቶ ወደ ጎዳናው ኑሮ፣ ወደ ድህነትና ወደ ቁጣ አስገብቷቸዋል። «ክላውድ ናይን» የተባለው ሥራቸው ለሞታውን የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት አምጥቷል። እነሱ ግን የድሮው ለስላሳ ዜማ ናፍቋቸዋል። መሣሪያው በዛ፣ የእኛ ድምፅ አነሰ ይሉ ነበር። ብሶታቸው ይገባኛል፤ ዘፋኝ ሀብቱ ድምፁ ነው።

በዚህ መሀል «ኦል ዳይሬክሽንስ» የተባለው አልበም በሐምሌ ወር ወጣ። ስምንት ዘፈን አለው። ጥቁሮች ሲገቡ ሰፈር ለቀው ስለሚሸሹ ነጮች የሚናገረውን «ራን ቻርሊ ራን»ን ጨምሮ ደህና ደህና ሥራዎች አሉበት። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ የሸክላውን የመጀመሪያ ገጽ ስለሚዘጋው ስለ «ፓፓ ዎዝ ኤ ሮሊን ስቶን» ነው።

ዘፈኑን ዊትፊልድ ከባሬት ስትሮንግ ጋር ነው የጻፈው። አስቀድሞ በዚያው ዓመት ያወጣው ሌላ ቡድን፣ ዘ አንዲስፒዩትድ ትሩዝ ነበር፤ በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ከ63ኛ ደረጃ አላለፈም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወዋል። ዊትፊልድ ግን አስረዝሞ 12 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አደረሰው።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። መጀመሪያ ባስ ጊታር ጥቂት ኖታዎች ይጥልና ዝም ይላል። ደግሞ ይጥላል፤ ደግሞ ዝም። ሲምባሉ ሳያቋርጥ ይመታል። ፖል ራይዘር ያቀናበራቸው ቫዮሊኖች ከሩቅ ይነሣሉ። የሜልቪን ሬጊን ጊታር ዋው ዋው እያለ ይገባል፤ የትራምፔቱ ድምፅ ራሱን እያስተጋባ ያልፋል፤ ጭብጨባ ይከተላል። ኮርዱ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ነው፤ አይቀየርም። አራት ደቂቃ ሊሞላ ነው፣ እስካሁን አንድም ሰው አልዘፈነም! አምስት የታወቁ ድምፃውያን ቆመው ተራ ይጠብቃሉ።

ከዚያ ኤድዋርድስ ይገባል። የሰባኪ ልጅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ያደገ፣ ጮሆ መዘመር የሚችል ጉሮሮ አለው። ዊትፊልድ ግን እንዳይጮህ ከለከለው። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ደጋግሞ ደጋግሞ አስዘፈነው፤ ኤድዋርድስ እስኪናደድ ድረስ፣ ይባላል። በሸክላው ላይ የምንሰማው ያ የታፈነ ቁጣ ነው።

ታሪኩም እንዲህ ነው። አባት ሞቷል። ልጆቹ አይተውት አያውቁም፤ ስለሱ የሰሙት ሁሉ መጥፎ ነው። እናታቸውን ይጠይቃሉ። አንዱ ሥራ አይወድም ይባላል፣ እውነት ነው? ይላል። ሌላው፣ ሌላ ሚስትና ሌሎች ልጆች ነበሩት? ደግሞ ሌላው፣ በእግዚአብሔር ስም ገንዘብ ይሰበስብ ነበር? ድምፁ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሸጋገር በአንዲት እናት ዙሪያ የተቀመጡ ወንድማማቾች ይታዩኛል። እናት ያላት መልስ አንድ ነው፤ ተንከራታች ነበር፣ የተወልንም ብቸኝነትን ነው። የአባቱን ስም ከራሱ ስም አስከትሎ ለሚጠራ እንደኛ ላለ ሰው ይህ ጥያቄ አጥንት ይነካል። ባስ ጊታሩ ለምን ያን ያህል ዝም እንደሚል የገባኝም እዚህ ላይ ነው፤ ልጆቹ የሚጠይቁት ሰው የለም፣ ቦታው ባዶ ነው። ያ ሁሉ ጥበቃ ባይኖር ጥያቄው እንዲህ አይከብድም ነበር።

ለነጠላ ሸክላ ወደ ሰባት ደቂቃ ገደማ አሳጠሩት። በታኅሣሥ 1972 በአሜሪካ አንደኛ ወጣ፤ አልበሙም ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። በ1973 ሦስት ግራሚ አገኘ፤ አንዱ ለድምፃውያኑ፣ አንዱ ለጸሐፊዎቹ፣ ሦስተኛው ደግሞ በነጠላው ሸክላ ጀርባ ላይ ለታተመው፣ ድምፅ ለሌለበት ለመሣሪያው ብቻ።

ቅሬታው ግን አልበረደም፤ ብዙም ሳይቆይ ቡድኑና ዊትፊልድ ተለያዩ። ፖል ዊሊያምስም በነሐሴ 1973 አረፈ። እናንተ ስታደምጡት አጭሩን ተዉትና ረጅሙን አድርጉ፤ ያንን አራት ደቂቃም አትዝለሉት።